የጋሽ ነስሩ ጆሮ

ጋሽ ነስሩ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። አንድ ችሎት ልዘግብ አዳማ ሄጄ ነበር። የደወለችልኝ ሰብለ ናት፤ ልደታ ውስጥ ባለ አንድ የፍርድ ቤት ቢሮ ከእሳቸው ጎን ተቀምጣ ለዓመታት የሠራች።

«ዛሬ ጠዋት ነው ያረፉት። ከዙሁር ሶላት በኋላ ኮልፌ ተቀበሩ» አለችኝ።

«በምን?»

«ልባቸው ነው አሉ።»

ሰዓቴን አየሁ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር። በእስልምና አስከሬን እንደማያድር አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ የቅርብ ሰው ጠዋት ሞቶ ከሰዓት በኋላ አፈር ለብሶ ሳገኘው የመጀመሪያዬ ነው። ሰብለ ስልኩን አልዘጋችም። ልትጠይቀኝ የፈለገችው ነገር እንዳለ ስለገባኝ ጠበቅኳት። «ስትመጣ እናወራለን» ብላ ዘጋችው።

ፍርድ ቤት የሚዘግብ ጋዜጠኛ ዳኛ ያውቃል፣ ጠበቃ ያውቃል፣ ዐቃቤ ሕግ ያውቃል። ድምፅ ገልባጭ ግን አያውቅም፤ ድምፅ ገልባጭ ችሎት አይገባምና። ችሎት ውስጥ የተነገረው በመቅረጫ ተቀርጾ እሱ ያለበት ክፍል ይደርሳል፤ እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ይገለብጠዋል። ዳኛው ፍርድ ለመጻፍ ሲቀመጡ የሚያነቡት ያንን ነው። ጋሽ ነስሩ ይህን ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል፤ መጀመሪያ በካሴት፣ በኋላ በኮምፒውተር።

የተዋወቅነው በእኔ ስህተት ነው። የአንድ ምስክር ቃል በትእምርተ ጥቅስ አድርጌ ጋዜጣ ላይ አውጥቼ ነበር። በማግስቱ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት ስፕሪስ አዝዤ ተቀምጬ ሳለ፣ ጥቁር ሹራብ የደረቡ አንድ ቀጭን ሰው ጋዜጣውን አጥፈው ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ምስክሩ ‹አስፈራራኝ› አላለም። ‹ፈራሁት› ነው ያለው።»

«ያው አይደለም?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንዱ ቃል ሰው ያስከስሳል፤ ሌላው አያስከስስም። ከየት አመጣኸው?»

ከየትም አላመጣሁትም። ችሎት ውስጥ ስጽፍ ግማሹን ጽፌ፣ ግማሹን ማታ ቢሮ ስገባ ከራሴ አሟልቼው ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። እሳቸው «እንዲህ በል እንግዲህ» ብለው ሻይ አዘዙ። በሚቀጥለው እትም ማረሚያ አወጣን። ማረሚያውንም አንብበው መጡ፤ «ሌላ ስህተት ባገኝበት ብዬ ነበር፣ አጣሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልደታ በዋልኩ ቁጥር ሻይ ቤቷ ውስጥ እንገናኝ ጀመር።

አንድም ቀን መዝገብ አሳይተውኝ አያውቁም። አንዴ ሞክሬ ነበር። «መዝገብ ከፈለግክ ሬጅስትራር ጋ ሂድ። እኔ ጋ የምታገኘው ሻይ ነው» አሉኝ፤ ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ቢሯቸው ውስጥ ጠረጴዛው ሥር ፔዳል አለ፤ በእግር ሲጫኑት የተቀረጸው ድምፅ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጋሽ ነስሩ ሻይ ቤት ተቀምጠውም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ሰው ሲያናግራቸው አንዲት ቃል ካመለጠቻቸው ቀኝ ተረከዛቸው መሬቱን ጫን ያደርጋል። ከዚያ ነው «ድገመው» የሚሉት። እግራቸው ከአፋቸው ይቀድም ነበር።

በሥራቸው አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ለሰብለ መጀመሪያ ቀን ያስተማሯትም እሱን ነው። «ጆሮሽ ያልሰማውን እጅሽ አይጻፍ።» ድምፁ ካልተለየ በቅንፍ (ያልተሰማ) ተብሎ ይጻፋል። አዲስ ገልባጮች ቅንፍ ማብዛት ያሳፍራቸዋል፤ ሰነፍ እንዳይባሉ ከዐውዱ እየገመቱ ይሞላሉ። ጋሽ ነስሩ ቅንፍ ውርደት አይደለም ይሉ ነበር። «ቅንፍ ማለት እዚህ ጋ ሰው ተናግሯል፣ እኔ ግን አላውቅም ማለት ነው። ይህን የሚጽፍ ባለሥልጣን አይተህ ታውቃለህ?»

የጆሯቸው ጩኸት መቼ እንደጀመራቸው በትክክል አላውቅም። እኔ ያወቅሁት አንድ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ቦታ እንድንቀያየር ሲጠይቁኝ ነው። በቀኝ ጆሯቸው በኩል አስቀመጡኝ።

«ግራው ይጮኻል» አሉ።

«ምን ዓይነት ጩኸት?»

«ድሮ ቴሌቪዥን ፕሮግራሙን ሲጨርስ ጢ የሚል ቀጭን ድምፅ ነበር፣ ታስታውሳለህ? ሰው ተነሥቶ ያጠፋዋል። እኔ ማጥፊያውን አጣሁት።»

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የችሎት የድምፅ ቅጂ ጥራት የለውም። ሰው ያስላል፣ በር ይከፈታል፣ ምስክር ከማይክሮፎኑ ርቆ ያንሾካሹካል። ቃል እንዳያመልጣቸው ድምፁን ጨምረው፣ ጨምረው፣ ለሃያ ዓመት ጆሯቸው ውስጥ ለቀውበታል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ነው ጆሯቸውን የበላው።

ሐኪም ዘንድ ሄደዋል። የጆሮ ሐኪሙ የመስማት ምርመራ አድርጎ፣ ቀጫጭን ድምፅ የሚሰማው ክፍል እንደተጎዳ ነገራቸው። ለጩኸቱ የሚዋጥ መድኃኒት የለም። ማዳመጫውን ቢተዉ ጉዳቱ እንዳይብስ ይረዳቸዋል። ሌላውን እንዲለምዱት መከራቸው።

«ለምን ያህል ጊዜ ነው የምለምደው? አልኩት። ‹ለሁልጊዜ› አለኝ። ተፈርዶብኝ ወጣሁ። ይግባኝ ግን አልከለከለኝም።»

ይግባኝ የሚሉት ኪኒኖቹን ነበር።

ማዳመጫውን መተው የማይሆን ነገር ነው ብለው ደምድመዋል። የክፍሉ ኃላፊ ወደ መዝገብ ቤት እንዲዛወሩ በደህና ቃል ጠይቋቸው ነበር፤ ደመወዛቸው አይነካም። እምቢ አሉ። «እዚያ ሄጄ አቧራ ላራግፍ? ሰው የምጠቅመው በዚህ በጆሮዬ ነው» አሉኝ። ግን ቅንፋቸው በዝቶ ነበር። ድሮ በአንድ ሰዓት ቅጂ ውስጥ ሦስት አራት ቦታ (ያልተሰማ) ይጽፉ የነበሩት አሁን አሥር አሥራ ሁለት ደርሰዋል። ቅንፉ እንዲህ ከቀጠለ ኃላፊው እንደማይጠይቃቸው፣ እንደሚያዛቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ጆሮው መዳን ነበረበት።

መጀመሪያ ልደታ ማርያም አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት ዚንክ ገዙ። አብሬያቸው ነበርኩ። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት።

«አባባ፣ ይሄ መድኃኒት አይደለም እኮ። ማሟያ ነው» አለቻቸው።

«ምን የሚያሟላ?»

«የጎደለ ነገር ካለ።»

«የእኔ የጎደለ አይደለም ልጄ፤ የተረፈ ነው።»

ሳቀች፤ ሸጠችላቸውም።

ብልቃጡን ሻይ ቤት ይዘው ገብተው መነጽራቸውን አድርገው እንደ ክስ ማመልከቻ አነበቡት። «‹ሊረዳ ይችላል› ነው የሚለው። ምስክር ‹ሊሆን ይችላል› ሲል ዳኛው ምን ይላል?»

«የምታውቀውን ብቻ ተናገር ይሉታል።»

«ይኸው ይህ አያውቅም።» ቢሆንም አንዷን አውጥተው በሻዩ ዋጧት።

የአንድ ተማሪ ደብተር ገዝተው በማስመሪያ አሰመሩት። ቀን፤ የተወሰደው ነገር፤ የጩኸቱ መጠን ከዜሮ እስከ አሥር፤ በአንድ ሰዓት ቅጂ የተጻፈ ቅንፍ ብዛት። ለእያንዳንዱ ማሟያ አርባ ቀን ሰጡት። ሰብለ «ጋሼ፣ ለምን ሁሉንም አንድ ላይ አይወስዱትም? አንዱ ይሠራ ነበር» ብትላቸው፣ «ምስክሮች ለየብቻ ነው የሚሰሙት። አንድ ላይ ካስገባሻቸው ማን ምን እንዳለ በምን ታውቂያለሽ?» አሏት። እኔ ብዙ ሰው ራሱን ሲያክም አይቻለሁ፤ እንደዚህ በሥርዓት ያደረገው አላየሁም።

ዚንኩ አቅለሸለሻቸው፤ ጩኸቱ ሰባት ነበር፣ ሰባት ሆኖ ቆየ። ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለት ተከተለ። «ጉልበት ሰጥቶኛል፤ ጩኸቱም ድርሻውን ሳይወስድ አልቀረም» አሉ። ሰባት። ማግኒዚየሙ ሆዳቸውን አስቸገረ። ሰባት፣ አንዳንድ ቀን ስምንት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሐራ ጥቁር አዝሙድ በማር አዘጋጅተው በየጠዋቱ ሰጧቸው፤ ከሞት በቀር ለሁሉ ነው የሚባለውን ጋሽ ነስሩ አጥብቀው ያምናሉ። አርባው ቀን ሲያልቅ ደብተሩ ላይ ያው ሰባት ነበር። ምን ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ጥፋቱ የአዝሙዱ አይደለም» አሉ። «የሸጠልኝን ሰው አላመንኩትም።»

ጊንኮ የሚባለውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከአንድ የቻይና ዛፍ ቅጠል የሚሠራ ነው፤ ለጆሮ ጩኸት ብዙ ሰው የሚጠራው እሱን ነው። ከማምጣቴ በፊት እንደ ልማዴ አነበብኩ። ያገኘሁት ሁሉ የሚያደርሰኝ አንድ ቦታ ነበር፤ ይረዳል የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ይህን ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

«ማስረጃ የለም ማለትና አይሠራም ማለት አንድ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም።»

«እንግዲያው አምጣ። ይህ ሰበር ነው፤ ከዚህ በላይ ችሎት የለም።»

ዱባይ የምትመላለስ የአክስቴ ልጅ አለች። ለእሷ ነግሬ ሁለት ብልቃጥ አስመጣሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሐኪማቸውን አስፈቅደው፣ ነሐሴ አንድ ብለው ጀመሩት።

ያን ክረምት ሥራ ወደ ሌላ ስለወሰደኝ ሳንገናኝ ሰነበትን። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሻይ ቤቷ ውስጥ ሳገኛቸው ደብተሩን ይዘው ነበር። ገና ከመቀመጤ ወደ እኔ ገፉት።

«እየው።»

አየሁት። ነሐሴ፣ ሰባት፣ ስድስት፣ ስድስት። ጳጉሜን፣ አምስት። መስከረም፣ አራት፣ አራት፣ አራት። በእጃቸው ከሥሩ «ቀንሷል» ብለው ጽፈውበታል። ፊታቸው ያበጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንቅልፍ ተኝተው ነው። ሰብለም ጎናቸው ነበረች። «ጋሼ ድነዋል እኮ፣ ዛሬ ጠዋት ስናገር አንድም ‹ድገሚው› አላሉኝም» አለችኝ።

ከጩኸቱ ዓምድ ቀጥሎ ያለውን የቅንፍ ዓምድ ተመለከትኩ። ከነሐሴ አንድ እስከ መስከረም ሠላሳ ድረስ በእያንዳንዱ ቀን ትይዩ ሰረዝ ነበር። አንድም ቁጥር የለም።

ፍርድ ቤት ነሐሴና መስከረም ዝግ ነው። ፍርድ ቤት ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ዓመቱን የሚቆጥረው በዚያ ነው፤ ዳኛው እረፍት ይወጣል፣ ጠበቃው አገር ቤት ይሄዳል፣ እኔም ሌላ ዜና እፈልጋለሁ። ጋሽ ነስሩም የዓመት እረፍታቸውን ወስደው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አላረፈም። ቅጠሉ ምን እንደሠራ የሚናገር ምስክር በዚያ ገጽ ላይ አልነበረም። ከሃያ ዓመት በላይ ዓመቱን በችሎት መዘጋትና መከፈት የቆጠሩ ሰው፣ መድኃኒት ሊፈትኑ የመረጡት ያንኑ ወቅት ነበር።

ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሥራዬ እንዲህ ያለውን ማየት ነው። ሌላ ሰው ይህን ደብተር ይዞ ቢሮዬ ቢመጣ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አሳይቼው እመልሰው ነበር።

«በጣም ጥሩ ነው» አልኳቸው።

«ጥሩ ነው አይደል?»

«በጣም።»

ለምን እንዳልነገርኳቸው ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንደኛው ደስታቸውን ላለማፍረስ ነው። ሁለተኛው ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም፤ ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ እንዲሠራ ፈልጌ ነበር። በአክስቴ ልጅ በኩል ሌላ ብልቃጥ አዘዝኩ።

ከዚያ በኋላ ባገኘኋቸው ቁጥር «ጆሮዎ እንዴት ነው?» እላቸዋለሁ፤ «ቀንሷል፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉኛል። ችሎቱ ተከፍቶ ማዳመጫው ከተመለሰም በኋላ እንደዚያው አሉኝ። ኅዳርም፣ ታኅሣሥም። ቀስ በቀስ ጥርጣሬዬን ራሱን መጠርጠር ጀመርኩ። ምናልባት ሰረዞቹን አይቼ ቸኩዬ ይሆናል። የጆሮው ባለቤት ቀንሷል ካለ እኔ ማን ነኝ? ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሳይቀር ከነቀኑ ጽፌዋለሁ፤ «ቀንሷል።»

ጥር ላይ የሆነውን የነገረችኝ ሰብለ ናት።

እነሱ ዘንድ ግልባጭ ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ይመሳከራል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ቅጂውን እያዳመጠ በጣቱ መስመር በመስመር ይከተለዋል። የጋሽ ነስሩን የምታመሳክረው ሰብለ ነበረች። አንድ የድብደባ መዝገብ ላይ ዐቃቤ ሕጉ ምስክሩን «ሲመታው በዓይንህ አይተሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከሥሩ ጋሽ ነስሩ «አዎ» ብለው ጽፈዋል። ሰብለ ያንን ቦታ መልሳ መላልሳ ሰማችው። ከጥያቄው በኋላ ዝምታ ነው ያለው። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ወደ ሌላ ጥያቄ ያልፋል።

«ጋሼ» አለቻቸው፣ «እዚህ ጋ ‹አዎ› የሚለው የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ምስክሩ አልመለሰም። ራሱን ነቅንቆ ይሆናል፣ አላውቅም። ድምፅ ግን የለም።»

ማዳመጫዋን ተቀብለው አደረጉ። ተረከዛቸው ፔዳሉን ጫነው። ሰሙ። እንደገና ጫኑት። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደነበር ትናገራለች።

«አንቺ የምትሰሚው ዝምታ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ዝምታ የለኝም» አሉ። «እዚያ ቦታ ላይ ለእኔ ይጮኻል። በጩኸቱ ሥር አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ‹አዎ› ሲሉ ሰምቼ፣ እጄ ጻፈው።»

«ይሰረዛል ጋሼ፣ ምን ችግር አለው? ማንም አላየም። ቅንፍ እናድርግበት።»

«አንቺ ባታገኚውስ?»

በዚያ አንድ ቃል ሰው ሊታሰር ይችል እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። ጋሽ ነስሩ ቃሉን ሰርዘው ቅንፉን ጻፉ። ከዚያ የማዳመጫቸውን ሽቦ ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጡላትና ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄዱ። ማንም ሳያዛቸው ወደ መዝገብ ቤት የሚዛወሩበትን ደብዳቤ ራሳቸው ጠይቀው አጻፉ። በሚቀጥለው ሰኞ ኮታቸውን ሰቅለው መዝገብ ማዛወር ጀመሩ።

በዚያው ሳምንት አገኘኋቸው። ምን ሆነው ነው አልኩ።

«ዕድሜ ነው። ወጣቶቹ ይሥሩ እንጂ።»

«ጆሮዎ ነው?»

«ጆሮዬማ ቀንሷል። እሱስ ደህና ነው።»

ሰብለ የነገረችኝን እንደማውቅ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ብልቃጥ ሰጠኋቸው፤ አመስግነው ኪሳቸው ከተቱት።

ሰኔ ላይ ጡረታ ወጡ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ጠመንጃ ያዥ አካባቢ፣ ቤታቸው ውስጥ ነው። ከጀርባው ብረት የሚቆርጥ ወርክሾፕ ያለበት ጠባብ ሰፈር ነው፤ መጋዙ ሲነሣ ወሬ ይቋረጣል። ወርክሾፑ ምሳ ሲወጣ ግን ቤቱ ጸጥ አለ፤ ያኔ ከመስኮቱ ላይ ያለውን ሬዲዮ አየሁት። ተከፍቶ ነበር። ጣቢያ አልያዘም፤ ሽሽሽ ብቻ ይላል።

«ጣቢያው ጠፍቶ ነው? ላስተካክልልዎ?»

«ተወው፣ እንዲሁ ይሁን።»

ወይዘሮ ዘሐራ ከበሩ ላይ ሆነው አዩኝ። ጋሽ ነስሩ ከስተው ነበር። እያወራሁ ሳለ ቀኝ ተረከዛቸው ምንጣፉን ደጋግሞ ይጫናል፤ «ድገመው» ግን አላሉኝም። ያልሰሙትን እንደሰሙ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ይህን ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። ስወጣ እንደ ልማዴ ጠየቅኩ።

«ቀንሷል» አሉኝ። እስከ በሩ ሸኙኝ።

ከአዳማ ተመልሼ ለቅሶ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ዱዓ ተደርጎ ሲያበቃ ወይዘሮ ዘሐራ ወደ ውስጥ አስጠሩኝ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ።

«ያንተ ነው፣ ውሰደው።»

ውስጡ ሦስት ብልቃጥ ጊንኮና ደብተሩ ነበር። የብልቃጦቹ አፍ አልተከፈተም፤ ማሸጊያው እንዳለ ነው።

«አልወሰዱትም?» አልኩ።

«የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወስዷል። ከዚያ ወዲያ አልነካውም።»

ቆሜ ደብተሩን ገለጥኩ። የነሐሴና የመስከረም ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር መስመር ተሰምሮበታል። ከሥሩ በዚያ በተስተካከለ እጃቸው ተጽፏል፤ «ፍርድ ቤት ዝግ ነበር። ማዳመጫ አልተደረገም። ማስረጃ ሊሆን አይችልም።» የተጻፈበት ቀን ጥቅምት ነው፤ ሻይ ቤት ውስጥ «በጣም ጥሩ ነው» ካልኳቸው ሁለት ሳምንት በኋላ።

«ታዲያ ለምን ቀንሷል ይሉኝ ነበር?»

ወይዘሮ ዘሐራ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። «እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹ልጁ ከባሕር ማዶ አስመጥቶልኝ ምን ብዬ አንገቱን ላስደፋው› አለኝ። ‹ማስረጃ የለም ብሎ ነግሮኝ እኮ ነው ያመጣው› አለ።»

ቀጣዮቹን ገጾች ገለበጥኩ። የተወሰደው ነገር የሚለው ዓምድ ባዶ ነው። የጩኸቱ ዓምድ ግን አንድ ቀን አልተዘለለም። ሰባት። ሰባት። ስምንት። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ለእኔ «ቀንሷል» ባሉኝ ቀኖች ሁሉ ስምንት። መዝገብ ቤት ከገቡ በኋላ፣ ጸጥ ባለው ክፍል፣ ዘጠኝ። እስከ ሞታቸው ዋዜማ ድረስ ዘጠኝ።

ያልተነገረ ቃል የጻፍኩ ጊዜ ጋዜጣዬን አጥፈው ይዘው የመጡ ሰው ናቸው። ይህኛው ቃል ግን ተነግሯል። ማስታወሻዬ ላይ ያለው ጥቅስ ከነቀኑ ትክክል ነው፤ ማረሚያ የሚወጣለት አይደለም። ውሸት መሆኑ ብቻ ነው።

ሰብለ ውጭ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ጥቂት አብረን ተራመድን።

«በስልክ ልጠይቅህ ብዬ ነውር መሰለኝ» አለች። «ጨርሶ ባያድናቸውም፣ ጋሼን ያሻላቸው ኪኒን ስሙ ማን ነበር? ጻፍልኝ።»

«ለማን?»

በእጇ ግራ ጆሮዋን ነካችው። «ከሚያዝያ ጀምሮ ነው። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ የእሳቸውንም ድርሻ የምገለብጠው እኔ ነኝ። ለኃላፊው እንዳትነግርብኝ።»

ፌስታሉ እጄ ላይ ነበር። ሦስቱን ብልቃጥ አውጥቼ ብሰጣት ቢያንስ አርባ ቀን ደህና ትተኛለች። በዓመቱ «ቀንሷል» ትለኝ ይሆናል። ያወጣሁት ደብተሩን ነው። ቀዩ መስመር ያለበትን ገጽ ገልጬ ሰጠኋት።

እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆማ ልክ እንደምታመሳክር በጣቷ መስመር በመስመር ተከተለችው። ቀዩ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይህን መቼ ነው የጻፉት?»

«ጥቅምት። የዛሬ ዓመት።»

«ለእኔ ግን ቀንሷል ብለውኛል።»

«ለእኔም ብለውኛል።»

ገጹን ገለበጠች። «ከዚህ በኋላስ ምን ወሰዱ?»

«ምንም።»

እስከ መጨረሻው ገለበጠችው። ዘጠኞቹን አየች። ደብተሩን ዘግታ መለሰችልኝ።

«ነገ ጠዋት የማስረክበው መዝገብ አለኝ» አለች። ደህና ዋል ብላኝ ወደ ታክሲው ሄደች።

ሐኪሙ ለጋሽ ነስሩ ከነገራቸው ውስጥ የሚጠቅም አንድ ነገር ነበር፤ ማዳመጫውን ተዉ ያላቸው። እሱን አልነገርኳትም። ይህ ትዝ ሲለኝ ገና ሩቅ አልሄደችም ነበር፤ ተከትያት ሄድኩ። በግራዋ በኩል ደረስኩባት፤ ከጎኗ ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቶኝ ነበር።

«ሰብለ» አልኳት።

አልዞረችም።